ፈዛዛው ገጽ፤ በሕንፃ ሞዴሎች ላይ ስለሚቀባ ግልጽ ማት ቅብ አዘገጃጀትና አቀባብ

(ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎችና መምህራን በይፋ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ሳያንስ አይቀርም። ስለ ከተማ ፕላንና ስለ ግንባታ ሕግ በሚነገርበት አዳራሽ ቆሜ ስለ ቅብ ልናገር ነው፤ ያውም ቀለም ስለሌለው፣ ሲደርቅ ውፍረቱ ከአንዲት የራስ ፀጉር ስለሚያንስ ቅብ። ቀለም ቀቢዎች «ማት» ይሉታል። እኔ «ፈዛዛ» እለዋለሁ። ሰውን ፈዛዛ ማለት ስድብ መሆኑን አላጣሁትም፤ ለገጽ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል የለንም።

ጉዳዩን ለገለጻ ያበቃው በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ የማየው ነገር ነው። ተማሪዎች ሁለትና ሦስት ወር የደከሙበትን ሞዴል ለግምገማ ሊያቀርቡ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ከሱቅ የተገዛ ግልጽ ስፕሬይ ይነፉበታል። ሲነጋ ሞዴሉ ወይ እንደ ታጠበ ሳህን ያብለጨልጫል፣ ወይ ነጭ ጉም ለብሶ ይገኛል፣ ወይም ከሥሩ ያለው ፎም ተበልቶ ቤቶቹ ወደ ጉድጓድ ሰጥመዋል። የወራት ሥራ በአሥር ደቂቃ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ተማሪው ስለሰነፈ አይደለም፤ ቅቡ በምን ምክንያት ምን እንደሚያደርግ ስላልተነገረው ነው። እኔም ዛሬ ከአዘገጃጀቱ ይልቅ በምክንያቱ ላይ ብዙ ጊዜ ባጠፋ ታገሡኝ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አዘገጃጀቱን ራሱ ያገኘዋል።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከሰንጋ ተራ ነው። ቅርባችን ነው፤ ተማሪ ሜትሩን ይዞ በእግሩ ይደርሳል። ስሙ የከብት ገበያ ስም ነው፤ ዛሬ ግን በዚያ ሰንጋ የሚነዳ የለም። የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶችና የ40/60 መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመውበታል። ከአጠገቡ፣ ወደ ብሔራዊ ቴአትር በኩል፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በ1፡500 ስኬል ይህ ሕንፃ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሰፈሩ የነበረ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የቆርቆሮ ቤት ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር። አሮጌዎቹ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች በመልሶ ማልማቱ በብዛት ፈርሰዋል። ስለዚህ እነዚያን ቤቶች በሞዴል የሚሠራ ተማሪ የሚነሣው ከቆየ የአየር ፎቶና ከነዋሪዎች ትዝታ ነው። ሞዴሉ የቤቶቹ የቀረ አካል ነው ብል አላጋነንሁም። በላዩ ላይ የሚነፋው የመጨረሻ ቅብ ቀላል ነገር የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ ምክንያቱ ልግባ። ቤቱን አምስት መቶ ጊዜ አሳንሰነዋል፤ ብርሃኑን ግን ልናሳንሰው አንችልም። ለዐይን የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ይህ ልክ በሰንጋ ተራ ጎዳናም ሆነ በስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ያው ነው። እውነተኛ የቆርቆሮ ጣሪያ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ስርጉድ አለው፣ ምስማር አለው፣ አቧራና ወፍ ያረፈበት አለ። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ነጸብራቁ በሺሕ ቦታ ይሰባበራል። ሞዴሉ ላይ ግን ስርጉዱም ምስማሩም የለም። ገጹ የሚያብረቀርቅ ከሆነ የክፍሉን ፍሎረሰንት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሁለት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ጣሪያ ላይ የአንድ ሜትር ከሃያ መብራት ተጠቅልሎ ሲታይ ዐይን አይታለልም፤ «ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ መጫወቻ ነው» ይላል። በሌላ አነጋገር፣ ሞዴሉን ሐሰተኛ የሚያስመስለው መጠኑ ሳይሆን ነጸብራቁ ነው።

ታዲያ ማብረቅረቅ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ከቅቡ ውስጥ ያለ አንዳች ንጥረ ነገር አድርገን እናስበዋለን። አይደለም። ማብረቅረቅ የገጽ ቅርጽ ነው። ይህን ሸክላ ሠሪዎቻችን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። ያው አንድ ጭቃ ሳይታሽ ቢተኰስ ፈዛዛ ሆኖ ይወጣል፤ ከመተኰሱ በፊት በለስላሳ ጠጠር ቢታሽ ያብረቀርቃል። በጭቃው ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ የተለወጠው የገጹ ልስላሴ ነው። ዝናብ ያገኘው ኮብልስቶን የሚጠቁረውና የሚያብለጨልጨውም ውሃው የድንጋዩን ሸካራነት ሞልቶ ስለሚያስተካክለው ነው፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይፈዛል።

በሥነ ብርሃን ቋንቋ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው። ብርሃን ከአየር ተነሥቶ የስብረት መጠኑ 1.5 በሆነ ግልጽ ቅብ ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ 4 በመቶ ያህሉ ከገጹ ይመለሳል። ቀሪው ወደ ቀለሙ ይገባል። ፈዛዛ ቅብ ይህን 4 በመቶ አያጠፋውም፤ ይበትነዋል እንጂ። ለስላሳ ገጽ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ሸካራ ገጽ በየአቅጣጫው ያከፋፍለዋል። ሥራው ሁሉ ይኸው ነው። ከዚህ ግን ተማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያስደነግጥ አንድ ውጤት ይከተላል፤ ፈዛዛ ቅብ ጥቁር ቀለሞችን ያገረጣል። ጥሩ ጥቁር ቀለም ከውስጡ የሚመልሰው ብርሃን ከ1 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ቀድሞ ወደ አንድ ጎን ይሄድ የነበረው 4 በመቶ አሁን ከየትም ብታዩት ወደ ዐይናችሁ ይመጣል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። የዛገ ቆርቆሮ ቡኒም እንዲሁ አመድ ይመስላል። ነጭና ቢጫ ላይ ለውጡ አይታወቅም።

እኔ ይህን እንደ ጉዳት ብቻ አላየውም። በ1፡500 የተሠራን ሞዴል ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚያይ ሰው እውነተኛውን ሰፈር ከ300 ሜትር እንደሚያይ ሰው ነው። ከዚያ ርቀት በመካከል ያለው አየር ቀለሞችን ያደበዝዛቸዋል። የአውሮፕላንና የመርከብ ሞዴል ሠሪዎች ለዚሁ ብለው በቀለማቸው ላይ ጥቂት ነጭ ይጨምራሉ። ፈዛዛው ቅብ የዚህን ሥራ ከፊሉን በነፃ ይሠራላችኋል፤ ስለዚህ ቀለሙን አስቀድማችሁ አታገርጡት፣ ሁለት ጊዜ ይሆንባችኋል።

አሁን ሸካራነቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በግልጽ ቅብ ውስጥ የሚጨመረው ማፍዘዣ አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የላመ ሲሊካ ነው፤ ቅንጣቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ሲሊካ ለምን ተመረጠ? የስብረት መጠኑ 1.46 ገደማ ነው፤ የአክሪሊክ ሙጫ ደግሞ 1.49። ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ ብርሃን ከሙጫው ወደ ሲሊካው ሲያልፍ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ቅንጣቱ በሙጫው ውስጥ ተሰወረ ማለት ነው። ነጭ ቀለም የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን 2.7 ያህል ነው፤ ለዚህ ነው ሥሩን ሁሉ ሸፍኖ የሚያነጣው። ሲሊካው ሥራውን የሚሠራው ከገጹ ላይ ነው። ቅቡ ሲነፋ እርጥብና ወፍራም ነው፤ አሟሚው ሲተን ይሟሽሻል፣ ይቀጥናል። በዚያን ጊዜ ቅንጣቶቹ ከሥር ወደ ላይ ገፍተው ገጹን ያሸክሩታል፤ ሊጥ ሲደርቅ በውስጡ የነበረው ቅንጬ እንደሚታይ ያለ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው የነጩን ጉም ምሥጢር አገኘ። ማፍዘዣው ሲበዛ ሙጫው ቅንጣቶቹን ሁሉ ማልበስ ያቅተዋል። በመካከላቸው አየር ይገባል፤ የአየር የስብረት መጠን 1 ነው። ከሲሊካ ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ብርሃኑ በየቅንጣቱ ይበተናል፣ ተሰውሮ የነበረው ሲሊካ ዱቄት ሆኖ ይታያል። በረዶ ነጭ የሚሆነውና ጥርት ያለ ውሃ ነጭ ያልሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ «ይበልጥ እንዲፈዝ ይበልጥ ልጨምር» የሚለው ሐሳብ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ብቻ ይሠራል፤ ከወሰኑ ያለፈው ሁሉ ኖራ ይሆናል።

ወሰኑ የት ነው? እንደየቅቡ ይለያያል። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ለሞዴል ሠሪዎች በትናንሽ ጠርሙስ ከሚሸጣቸው መካከል ኤክስ 22 የተባለው አብረቅራቂ ግልጽ ቅብ ነው፤ ኤክስ 21 የተባለው ማፍዘዣው ነው። ማፍዘዣው ለብቻው ቢቀባ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይደርቃል፤ ቅብ አይደለምና። እኔ የምጀምረው ከአንድ እጅ ማፍዘዣ ለአሥር እጅ ግልጽ ቅብ ነው። አንድ ለሃያ ሲሆን የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ለስላሳ ወዝ ይሰጣል፤ ይህ ለአዲስ ኢጋ ቆርቆሮና ለቀለም የተቀባ ግድግዳ ይስማማል። ከአንድ ለአሥር በላይ የምሄደው በትንሽ በትንሹ፣ በሙከራ ካርቶን ላይ እያየሁ ነው፤ በጥቁር ካርቶን ላይ፣ ጉሙ በነጭ ላይ አይታይምና። እነዚህን ጠርሙሶች በከተማችን ሁልጊዜ ማግኘት አይቻልም፤ ዋጋቸውም ለአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሞዴል አይቀመስም። የእንጨት ሥራ ቤቶች የሚጠቀሙበት ማት ላከር ወይም በውሃ የሚቀጥን ማት ቫርኒሽ በሚገባ ይተካቸዋል፤ እነዚህ ማፍዘዣቸው አስቀድሞ የተጨመረ ስለሆነ የናንተ ሥራ ከአብረቅራቂው ወንድማቸው ጋር እየደባለቁ ደረጃውን ማስተካከል ነው። ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ዐይነት ይሁኑ፤ በውሃ የሚቀጥነውን በቲነር ከሚቀጥነው ጋር መደባለቅ ርጎ ማውጣት ነው።

አንዳንድ ተማሪዎች የሕፃናት ፓውደር ይጨምራሉ። ብልሃታቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን ፓውደሩ ታልክ ከሆነ የስብረት መጠኑ ከሙጫው ራቅ ስለሚል ጥቂት ያነጣል፤ ስታርች ከሆነ ደግሞ በውሃ ቅብ ውስጥ ያብጣል፣ ይጓጉላል። የእቃውን ጽሑፍ ሳያነቡ መጨመር አያዋጣም።

ስለ አደባለቁ ሁለት ነገር ብቻ። ሲሊካው ከቅቡ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ የተቀዳው አብረቅራቂ፣ ከሥር የቀረው ኖራ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ብቻ ሳይሆን በሥራው መካከልም ይማሰል። በውሃ የሚቀጥነውን አትናጡት፤ አረፋው ገጹ ላይ ይቀራል። ከመንፋታችሁ በፊት በናይለን ስቶኪንግ አጥልሉት፤ አንድ የተጓጐለ ቅንጣት በ1፡500 ሞዴል ላይ ገዝፎ ይታያል።

ገዝፎ ይታያል ስል ለማጋነን አይደለም፤ ስሌቱ ነው። አምስት ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በ1፡500 ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ደህና፣ የልስን አሸዋ ነው ይባላል። ሃያ ማይክሮን የደረቀ ቅብ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ጊዜ ብትደርቡት በቤቱ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ልስን ለጠፋችሁ ማለት ነው። የተለመደው ሞገደኛ ቆርቆሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት፣ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። በ1፡200 ጥልቀቱ 90 ማይክሮን ነው። እርጥብ ቅብ ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ ሁለት ወፍራም ንፍ ያንን ሞገድ ይሞላዋል፤ በሌዘር ወይም በከተር ሌሊቱን ሙሉ የፈለፈላችሁት ጣሪያ ሊሾ ይሆናል። ቀጭን ንፍ፣ ብዙ ጊዜ፤ ሌላ መንገድ የለም።

ኮምፕሬሰርና ኤርብራሽ ያለው ቅቡን እንደ ወተት እስኪቀጥን ያሳሳው። ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይበቃል። መንፋት የሚጀመረው ከሞዴሉ ውጭ ነው፤ እጅ ሳይቆም ያልፋል፣ ከሞዴሉ ውጭ ይጨርሳል። እያንዳንዱ መሥመር ያለፈውን በግማሽ ይደርባል። ከአንድ ንፍ እስከ ሌላው አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ገጹ ለቅጽበት ያህል እርጥብ ሆኖ መታየት አለበት፤ ጭራሽ ካልራሰ ቅብ ሳይሆን አቧራ ነው የነፋችሁት፤ ከራሰና ከፈሰሰ ደግሞ ሙጫው ቅንጣቶቹን ውጦ ተመልሶ ያብረቀርቃል።

እዚህ ላይ ነው አዲስ አበባ የራሷን ነገር የምትጨምረው። በጣሳው ላይ የተጻፈው ርቀትና የመድረቂያ ጊዜ የተለካው እንደኛ ባለ ደጋ አይደለም። እኛ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ የሚፈላው ለዚህ ነው፤ አሟሚም ከገጹ ቶሎ ይተናል። በበጋ፣ በተለይ ከቀትር በኋላ ደረቅ ነፋስ ሲነሣ፣ ከኤርብራሹ የወጣችው ጠብታ ሞዴሉ ላይ ሳትደርስ በአየር ላይ ትደርቃለች። ያረፈው ነገር በጣት ሲዳሰስ የሚራገፍ ዱቄት ነው። ብዙዎች ማፍዘዣው የበዛ ይመስላቸዋል፤ የበዛው ርቀቱ ነው። በጣሳው ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ቢባል እኔ በበጋ ከ15 እስከ 18 አደርገዋለሁ፤ ማለዳ እሠራለሁ፤ አሟሚውም ቀስ ብሎ የሚተን እንዲሆን አደርጋለሁ።

ክረምት ሲገባ ችግሩ ይገለበጣል። ቲነር ሲተን ሙቀት ከገጹ ይወስዳል፤ እጃችሁ ላይ አልኮል ሲፈስ የሚሰማችሁ ቅዝቃዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ፣ ገጹ ጥቂት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከጤዛ ነጥብ በታች ይወርዳል፤ ውሃ ገና ባልደረቀው ላከር ላይ ያርፋል፣ ሙጫውንም ያረጋዋል። ወተት የመሰለ ጉም ይወጣል። ይህ ከማፍዘዣ ብዛት የመጣውን ጉም ቢመስልም ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ከማፍዘዣ የመጣ ከሆነ በላዩ ማፍዘዣ የሌለው ግልጽ ቅብ በቀጭኑ ሲነፋ አየሩ ተሞልቶ ይጠፋል፤ ከዚያ በትክክለኛ ድብልቅ እንደገና ማፍዘዝ ነው። ከእርጥበት የመጣ ከሆነ ፀሐይ ያለበትን ደረቅ ሰዓት ጠብቆ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በጣም በስሱ መንፋት ላከሩን መልሶ ያሟሟዋል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ሁለቱን የምለየው በጣት ሽታ ሳይሆን በጠብታ ነው፤ በማይታይ ጥግ አንዲት ጠብታ ዘይት አሳርፋለሁ። ሁለቱም ሊጠሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን የማፍዘዣው ጉም ወዲያው፣ ሙሉ በሙሉ ይጠራል፤ የእርጥበቱ ጉም በፊልሙ ውስጥ ስለሆነ ግማሹ ይቀራል። ዝናብ እየዘነበ ላከር አትንፉ። በውሃ የሚቀጥነው ቫርኒሽ ይህ በሽታ አይነካውም፤ ብርድ ሲበዛ ግን ቅንጣቶቹ አይጣበቁምና ሌሊት ውጭ አይደር።

ከሥር ያለውን ቁስ በተመለከተ አጭር ልሁን። ለመሬት ቅርጽ የምንጠቀምበት ነጭ ወይም ሰማያዊ ፎም በቲነር ይበላል፤ ጣሳ ስፕሬይም ይበላዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በውሃ ቅብ መታሸግ አለበት። ካርቶን በአንድ ወገኑ ብቻ ውሃ ቅብ ሲቀባ ይቆለመማል፤ ጀርባውንም ቀቡት። በሌዘር የተቆረጠ አክሪሊክ በጠርዙ ውጥረት ስላለበት በአልኮልና በጠንካራ ቲነር ይሰነጣጠቃል። ኮላና ዩሁ ደግሞ የትም የፈሰሱበት ቦታ ሲደርቅ ያብረቀርቃል። ከሩቅ ሞዴሉን የሚያጋልጡት ከመቁረጥ ስሕተት ይልቅ እነዚህ የሙጫ ነቁጦች ናቸው፤ ፈዛዛ ቅብ ከሁሉ በፊት የሚያገለግለውም እነሱን ለመደበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሁሉን ነገር እኩል ማፍዘዝ ልማድ ሆኗል። የሚቀርበው አዲስ ሕንፃ በጠራ አክሪሊክ ይሠራል፤ በውስጡ መብራት ይደረግለታል። በዙሪያው ያለው ሰፈር በሙሉ በአንድ ነጭ ፈዛዛ ቅብ ይሸፈናል። በየትምህርት ቤቱ ዓለም ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ «ዐውዱን ጸጥ ማድረግ» ይባላል። ጸጥታው ግን ንጹሕ አይደለም። ዐይን ወደሚያበራው ይሄዳል፤ ዳኛም ዐይን አለው። የሚያብረቀርቀው ሕንፃ ከመገምገሙ በፊት አሸንፏል፤ በነጩ ውስጥ ያለው ቤት ከመፍረሱ በፊት ጠፍቷል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነጭ ሞዴል ለእይታ በቀረበበት ቦታ፣ በሰፈሩ ያደጉ አንዲት እናት ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና አጠገባቸው የቆመውን ተማሪ፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ቤት በኖራ የተቀባው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ «እማማ፣ ለማሳያ ነው» አላቸው። «እኔ የቤቴን ጣሪያ በዝገቱ ነበር የማውቀው» አሉት፤ ቤታቸውን ሳያገኙ ሄዱ። ተማሪው ልኬቱን በትክክል ነበር የሠራው፤ ቤታቸው በቦታው ነበር።

ስለዚህ የኔ አቋም ደረጃ ይለይ የሚል ነው። ቆርቆሮ ሲያረጅ ዚንኩ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይዝጋል፤ ዝገት ከማናቸውም ይልቅ ፈዛዛ ነው፤ አንድ ለአሥሩ ድብልቅ የሱ ነው። አዲስ ኢጋ ቆርቆሮ ወዝ አለው፤ አንድ ለሃያው ይበቃዋል። የጭቃ ግድግዳና አስፋልት እንደ ዝገቱ ናቸው። የባንኮቹ መስተዋት ግን በእውነትም ያብረቀርቃል፤ እሱን ማፍዘዝም ውሸት ነው። መስተዋቱ ከመገጠሙ በፊት ግድግዳው ይነፋ፤ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። በአንድ ሰፈር ሞዴል ላይ ሦስት ደረጃ ማዘጋጀት ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም፤ የሚታየው ልዩነት ግን ቤቱን ፈልጋ ለምትመጣ ሰው ሁሉ ነገር ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የማያ ማዕዘን። ፋብሪካዎች የገጽ ወዝ የሚለኩት በአብዛኛው በ60 ዲግሪ ነው፤ በጣም ፈዛዛ የሆነውን በ85 ዲግሪ ይለኩታል። ለምን? ብርሃን በአግድም ሲመጣ ሸካራውም ገጽ ለስላሳ ስለሚመስል ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚያርፍ ብርሃን የማይክሮን አንድ አሥረኛ የሚያህል ሸካራነት መበተን ይጀምራል፤ በ85 ዲግሪ ለሚመጣ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ሸካራነት ያስፈልጋል። ከላይ ሲታይ የፈዘዘ መንገድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ እሷ አቅጣጫ ሲታይ ያበራ የለም? የከተማ ሞዴልን ደግሞ ሰው ከላይ ብቻ አያየውም። ጎንበስ ይላል፣ ዐይኑን ከመንገዱ ጋር ያስተካክላል፣ በቤቶቹ መካከል ለመሄድ ይሞክራል። ያን ጊዜ ጣሪያው ሁሉ ባንድነት ያብረቀርቅበታል። ስለዚህ ሙከራችሁን ከላይ አይታችሁ አትፍረዱ። የስልካችሁን መብራት ከካርቶኑ ማዶ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ዐይናችሁን ከወዲህ ዝቅ አድርጉ። የመብራቱን ጠርዝ መለየት ከቻላችሁ ገና ነው፤ ብዥ ያለ ብርሃን ብቻ ከሆነ ደርሷል።

ስለ ጤና። የቲነር ትነት ቶሉይንና ዛይሊን አለበት፤ የጨርቅም ሆነ የቀዶ ጥገና ጭንብል ትነትን አያግድም። የነቃ ከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል፤ ማጣሪያውም ሽታ ሲያሳልፍ ይለወጣል። በዶርም ክፍል ውስጥ፣ የቡና ከሰል በነደደበት፣ ቲነር መንፋት እሳት መጥራት ነው። በውሃ የሚቀጥነውን መርጣችሁ ብትጠቀሙ ለጀማሪ ከሁሉም ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሞዴሉንም አይበላም፤ በውጤት ደረጃ ከላከሩ የሚያንስበት ምክንያት የለም። እሱም ቢሆን ሲነፋ ጭጋጉ ወደ ሳንባ እንዳይገባ መስኮት ይከፈት፣ ጭንብሉም አይቅር።

ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት ጥቁርና ቡኒ ካርቶኖች ደርድሬአለሁ፤ ከአንድ ለሃያ ጀምሮ ኖራ እስከሆነው ድረስ። ድብልቁ በጀርባቸው ተጽፏል። በጣት አትንኳቸው፤ የጣት ቅባት ፈዛዛውን ገጽ ሞልቶ ያበራዋል። ስልካችሁን ይዛችሁ በሁለት በሁለት ሆናችሁ ኑ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩአቸው፤ ጥያቄውን እዚያው ጠረጴዛው ዙሪያ እንቀጥላለን።